ብራየር፦ ለእቁባችን ሆኖናል፣ ዳኛው ስልካቸውን ካልዘጉ

ደሴ ፒያሳ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ የነጋዴዎች እቁባችንም ጸሐፊ ነኝ። ማን ስንት እንደሚጥል፣ ዕጣው ለማን እንደወጣ ሌባም ተበዳሪም ባያውቀው ይመረጣል። በቴሌግራም ግሩፕ የምንጽፈው ሁሉ የኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። በ2018 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ሙሉ እትሙ የወጣው ብራየር የተባለው የመልእክት መተግበሪያ ግን መልእክት የሚያከማች ማዕከል የለውም። ጽሑፉ ተመስጥሮ ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል፤ ቅርብ ለቅርብ ከሆንን በብሉቱዝ ወይም በዋይፋይ፣ ከሐረጎ በታች ኮምቦልቻ ላሉት አባላት ደግሞ ማን ከማን እንደተገናኘ በሚሸፍነው ቶር በተባለው የኢንተርኔት መረብ በኩል። ስልክ ቁጥር አይጠይቅም፤ ክፍያም የለውም።

የግል ቡድኑን የሠራው ሰው እቁብ ጥሎ የሚያውቅ ይመስላል። አባል መጋበዝ የሚችለው ቡድኑን የከፈተው ብቻ ነው፤ እሱ ከወጣ ቡድኑ ይፈርሳል። ስለዚህ ያስከፈትነው ዳኛችንን ነው። «የአክስቴ ልጅ ነው፣ አስገባልኝ» የሚለው ጣጣ ከእኔ ራስ ወርዷል።

ችግሩም የሚመጣው ከዚያው ነው። ላኪና ተቀባይ በአንድ ጊዜ ካልተገናኙ መልእክት አይደርስም። የቡድን መልእክት ደግሞ፣ አባላቱ እርስ በርስ መተዋወቃቸውን ካልገለጡ፣ በከፋቹ ስልክ በኩል ያልፋል። ዳኛችን ባትሪ ለመቆጠብ ስልካቸውን የሚያጠፉ ሰው ናቸው፤ «ነገ ዕጣ አለ» ብዬ የጻፍኩት ኮምቦልቻ የደረሰው ዕጣው ከወጣ በኋላ ነበር። ብራየር ሜልቦክስ የተባለውን ተጨማሪ መተግበሪያ አሮጌ አንድሮይድ ስልክ ላይ ጭነንላቸው፣ ቤታቸው ቻርጀር ላይ ተሰክቶ መልእክት ይቀበላል። መብራት እስካለ ድረስ።

በአይፎን አይሠራም፤ በስልኩ የሚኮራው ወርቅ ሻጭ ጓደኛችን አሁንም ወሬውን የሚሰማው በቃል ነው። የባንክ ደረሰኝ ፎቶ ለቡድኑ መላክ አይቻልም፣ ለአንድ ሰው ብቻ። የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው እንደ አዲስ ይጀምራል፤ የሚያስታውስለት ድርጅት የለም። ባትሪም ይበላል።

ልትጭኑት ካሰባችሁ ዕጣ በሚወጣበት ቀን ሁሉም በተሰበሰበበት ጀምሩ። አንዱ ስልክ መተግበሪያውን ያለ ዳታ ለሌላው ያካፍላል፤ አንዱ ሌላውን ለመመዝገብም ፊት ለፊት የስልኩን ኮድ በካሜራ ማንሣት በሩቁ ሊንክ ከመለዋወጥ ይቀላል።