«በዓይን ይሠራል» የሚባል ታብሌት ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቆዩ እስቲ

ሀዋሳ ያላችሁ፣ መናገርም እጁን ማንቀሳቀስም የማይችል ሰው ቤታችሁ ካለ ይቺን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ።

ወንድም ጋሼ ስትሮክ ከመታው ወዲህ የሚታዘዙለት ዓይኖቹ ብቻ ናቸው። ሁሉም ነገር ይገባዋል፤ ስንቀልድ ዓይኑ ይስቃል። ቃል ማውጣት ግን አይችልም። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ «በዓይን የሚታዘዝ፣ የሚናገር ታብሌት» የሚል ማስታወቂያ ሳይ ባጃጅ ይዤ ፒያሳ ወዳለው ሱቅ በረርኩ። 85 ሺህ ብር። ያለ ደረሰኝ ከሆነ 80። የወጣልኝን የዕቁብ ብር ይዤ 80ውን ከፈልኩ። (አዎ፣ አውቃለሁ። አትስደቡኝ።)

ሱቅ ውስጥ ሻጩ ልጅ ራሱ ታብሌቱ ፊት ቆሞ አሳየኝ። ጠቋሚዋ ስክሪኑ ላይ እየሄደች ፊደል ትመርጣለች፣ ታብሌቱ ያነባል። አፌን ከፍቼ አየሁ። ያላየሁት የልጁን አንገት ነው። ቤት ወስደን ወንድም ጋሼ ፊት ስናቆመው ጠቋሚዋ ንቅንቅ አላለችም።

ለካ የተጫነው ኢቫ ፌሻል ማውስ የሚባል አፕ ነው። የሚከተለው የጭንቅላት እንቅስቃሴን ነው እንጂ ዓይንን አይደለም። ፕሌይ ስቶር ላይ በነጻ ይገኛል። አንገቱ ለሚታዘዝለት ሰው ግሩም ነው፤ ጥፋቱ የአፑ አይደለም። ታብሌቱ የሚያነበውም እንግሊዝኛ ብቻ ሆኖ አረፈው።

ለዚሁ ተብሎ የሚሠራው የዓይን መከታተያ ኢንፍራሬድ (በዓይን የማይታይ) ብርሃን ዓይን ላይ ያበራና ነጸብራቁን በካሜራ ይይዛል። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ደግሞ አንዳንድ አይፓዶች በፊት ካሜራቸው ብቻ ዓይን ይከተላሉ። ሁለቱም ግን መጀመሪያ ነጥብ እያሳዩ በዓይን ያስከትላሉ፤ ከሰውየው ዓይን ጋር የሚተዋወቁት በዚያ ነው። የኛው አንድም ነጥብ አላሳየን። እናንተ ስትሄዱ ሻጩን ጭንቅላቱን ግድግዳ አስደግፉትና «በል አሁን በዓይንህ ብቻ ጻፍ» በሉት። ከተቻለ ደግሞ ዕቃው ቤት መጥቶ ታማሚው ራሱ ይሞክረው፤ ብሩ ከዚያ በኋላ።

ደረሰኝ ተቀበሉ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲለወጥ ወይም ብር እንዲመለስ፣ በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። እኔን «ነገ ና» እያሉ ሦስት ሳምንት ገፉኝ፤ በእጄ ያለውም ማኅተም የሌለው ብጣሽ ወረቀት ነው።

እስከዚያው ግልጽ ፕላስቲክ ላይ 33ቱን ፊደላት በትልቁ ጻፍን። በመካከላችን ይዤው ዓይኑ የት እንዳረፈ በፕላስቲኩ ውስጥ አያለሁ። ከዚያ ጥቅሻውን እቆጥራለሁ፦ «በ» ላይ ሁለቴ «ቡ»፣ «ነ» ላይ አራቴ «ና»። ቡናው እየቀዘቀዘ ነው፣ ግን ይሠራል። ወጪው ከ200 ብር አይበልጥም።

ታብሌቱን ልጆች ካርቱን ያዩበታል። ትናንት ያው ማስታወቂያ፣ ያው ፎቶ ተመልሶ ተለጥፏል። አሁን 95 ሺህ ገብቷል።