ለሳሎን የጌም ፒሲ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ወገን፣ ሰሞኑን ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም «የጌም ፒሲ» የሚሸጡ ሰዎች በዝተዋል። ዊንዶውስ የለውም፣ ስቲም ኦኤስ ተጭኖበታል፣ ልክ እንደ ፕሌይስቴሽን በጆይስቲክ ብቻ ይሠራል ይሏችኋል። እኔም አምኜ ገዛሁ። ለማሽኑ 58 ሺህ ብር፣ ለብቻው ደግሞ «ለሲስተሙ ላይሰንስ» ተብዬ 7 ሺህ ብር ከፈልኩ። እስከ ዛሬ የምታንገበግበኝ ያቺ 7 ሺህ ናት፤ ሲስተሙ በነጻ የሚገኝ ነገር ነውና።

ስቲም ኦኤስ ቫልቭ የሚባለው ኩባንያ ያዘጋጀው ሊኑክስ ነው (ሊኑክስ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነጻ ሲስተም ነው)፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ለገበያ ባቀረበው ስቲም ዴክ በሚባለው በእጅ የሚያዝ የጌም ማሽን ላይ የሚመጣው ማለት ነው። ባዚት፣ ኖባራ፣ ካሺኦኤስ የሚባሉትም እንደዚሁ ሊኑክስ ናቸው። ሁሉም ከራሳቸው ድረ ገጽ በነጻ ዳውንሎድ ይደረጋሉ። የሚገዛ ላይሰንስ የላቸውም። አንድ ሰው ለመጫኛ ድካሙ ጥቂት ብር ቢጠይቅ አይከፋኝም፣ ላይሰንስ ብሎ ሲያስከፍላችሁ ግን እያታለላችሁ ነው።

ሱቁ ውስጥ ሲያሳየኝ የመኪና ጌም ከፈተ። ቆንጆ ይሄዳል። ጆይስቲኩን ለልጄ ሰጠው፣ ልጄ ፈነደቀ፣ እኔም ሌላ ጥያቄ ሳልጠይቅ ከፈልኩ። ልጄ የሚጫወተው ግን ኳስ ነው። ዲሲ ያለችው እህቴ ኤፍሲ 25ን (የድሮው ፊፋ ማለት ነው) ስቲም ከሚባለው የቫልቭ የኦንላይን ጌም መሸጫ ገዝታ ስጦታ አድርጋ ላከችለት። ወደ 100 ጊጋ የሚጠጋ ነው፣ መብራት እየሄደ እየመጣ ሦስት ሌሊት ፈጀብን። ቅዳሜ ጠዋት ልጁ ቁርሱን ትቶ ጆይስቲኩን ይዞ ተቀመጠ። ስክሪኑ ጠቆረ፣ የአንቲ ቺቷ ትንሽ መስኮት ብልጭ አለች፣ ከዚያ ወደ ሜኑው መለሰን። ደገምነው። አምስት ጊዜ። መጨረሻ ላይ «አባዬ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት?» አለኝ።

ማንም አላበላሸውም። የዊንዶውስ ጌሞች ሊኑክስ ላይ የሚሠሩት ፕሮቶን በሚባል መሣሪያ ነው፣ ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ2018 ነው ያወጣው፣ እውነት ለመናገር በጣም ጥሩ ሥራ ነው፣ አብዛኛውን ጌም ያለ ችግር ያስኬዳል። ኦንላይን የሚጫወቱ አንዳንድ ጌሞች ግን አጭበርባሪ የሚከላከል አንቲ ቺት አላቸው፣ እሱም ዊንዶውስ ውስጥ ከሥር ገብቶ ነው የሚሠራው። ሊኑክስ ላይ አይነሳም። አዳዲሶቹ ኤፍሲዎች፣ ፎርትናይት፣ ቫሎራንት፣ አዳዲሶቹ ኮል ኦፍ ዱቲዎች ሁሉ በዚህ ምክንያት አይከፈቱም። ይባስ ብሎ ዛሬ የሚሠራው ነገ ሊዘጋ ይችላል። ጂቲኤ ኦንላይን ይሠራ ነበር፣ በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. አዲስ አንቲ ቺት ሲገባለት ቆመ፣ ብቻችሁን የምትጫወቱት የታሪኩ ክፍል ግን አሁንም ይሄዳል። ኤፔክስ ሌጀንድስም በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ሊኑክስን ዘጋ። ሻጩ ጋ ደውዬ ስነግረው «ፊፋ ይሠራል አላልኩህም» አለኝ። አላለኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። እናንተ ጠይቁ።

ሁለተኛው ጉድ ግራፊክስ ካርዱ ነው። ስቲም ኦኤስ በዋናነት የተሠራው ኤኤምዲ የሚባለው ኩባንያ ለሚሠራቸው ካርዶች ነው፣ የተፎካካሪውን የኤንቪዲያን ካርዶች በይፋ አይደግፍም። የኔ ማሽን ውስጥ ያለው ጂቲኤክስ 1060 ነው፣ ኤንቪዲያ! የተጫነልኝ እንግዲህ ስቲም ኦኤስን እንዲመስል አንድ ሰው የቀያየረው ቅጂ ነበር። አፕዴት ስለው ይሽከረከርና ኤረር ይሰጣል። እንዲተኛ አድርጌው ስመለስ ድምፁ አለ ምስሉ የለም፣ ከሶኬት ካልነቀልኩት አይነሳም። ስለዚህ መጀመሪያ የካርዱን ስም ጠይቁ፣ ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የሲስተሙን ስም በዓይናችሁ እዩ፣ አፕዴት የሚለውንም እዚያው ሱቁ ውስጥ ተጫኑት።

4ኬ በ120 ኸርዝ የሚያሳይ ቴሌቪዥን ያላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ኤችዲኤምአይን (ማሽኑን ከቴሌቪዥን የሚያገናኘውን ገመድ) የሚመራው ፎረም የኤኤምዲ ክፍት ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም) ላይ ኤችዲኤምአይ 2.1 እንዳይገባ ከልክሏል። በዚህ የተነሳ ኤኤምዲ ካርድ ከሊኑክስ ጋር በኤችዲኤምአይ 4ኬን በሙሉ ቀለም እስከ 60 ኸርዝ ብቻ ነበር የሚያወጣው። የኔ ዓይነት ተራ ቴሌቪዥን ላለው ለውጥ የለውም፣ ለዚያ ብሎ ውድ ቴሌቪዥን የገዛ ሰው ግን ማወቅ አለበት።

«10 ሺህ ጌም ተጭኖበታል» እያሉ ሃርድ ዲስክ የሚሸጡም አሉ። ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ባቶሴራ ነው፣ እሱም ነጻ ሊኑክስ ነው፣ ጌሞቹ ደግሞ ያለ ፈቃድ የተቀዱ የድሮ ጌሞች ናቸው። እለፉት።

ቤታችሁ ውስጥ የሚፈለገው ኤፍሲ ከሆነ ዊንዶውስ አስጭኑ ወይም ፕሌይስቴሽን ግዙ፣ ሊኑክሱን ተዉት። የታሪክ ጌም ለምትወዱ ግን እኔ ባዚትን እመክራለሁ። አፕዴት ቢያበላሸው ሲነሳ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል፣ ኤኤምዲ ካርድ ካላችሁ ደግሞ ሲበራ በቀጥታ በጆይስቲክ ወደሚሠራው ገጽ ይገባል። እኔ ለድሮ ኤንቪዲያ የተዘጋጀውን የዴስክቶፕ ዓይነት በ16 ጊጋ ፍላሽ ጫንኩት፣ ሲበራ ስቲም በትልቁ ስክሪን እንዲከፈት አደረግኩት፣ እንቅልፍ የሚለውን ደግሞ ጭራሽ አጠፋሁት። አሁን ይሠራል። የምትፈልጉት ጌም ሊኑክስ ላይ ይሂድ አይሂድ ፕሮቶንዲቢ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ስሙን ጽፋችሁ እዩ፣ ተጫዋቾች ራሳቸው የጻፉት ነው። ሱቅ ስትሄዱም ሻጩ የከፈተውን ጌም አትመልከቱ፣ በራሳችሁ አካውንት ገብታችሁ የራሳችሁን ጌም አሥር ደቂቃ ተጫወቱ። ዳውንሎዱ ረጅም ከሆነ ቀብድ ሰጥታችሁ በማግስቱ ተመለሱ። እምቢ ካለ ጥላችሁ ውጡ።

ስቲም ላይ ከተገዛ 14 ቀን ያላለፈውንና ከ2 ሰዓት በታች የተጫወታችሁትን ጌም መመለስ ይቻላል፣ ስጦታ ከሆነ ገንዘቡ የሚመለሰው ለላኪው ነው። የእህቴ ገንዘብ ተመልሷል። የኔ 7 ሺህ አልተመለሰም። ማሽን ገዝታችሁ ግራ የገባችሁ ካላችሁ የካርዳችሁን ስም ጻፉልኝ፣ የትኛውን ፋይል ዳውንሎድ እንደምታደርጉ እነግራችኋለሁ።