ባሕር ዳር ላይ የጀልባ ሞተር አልነሳ ላለው ሰው

ሞተሬ 15 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ባለ ሁለት ስትሮክ፣ በገመድ የሚነሳ። ከባሕር ዳር ዘጌ ሰው አመላልስበታለሁ። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት አልነሳ ብሎ ቁም ስቅሌን አሳየኝ። እጄ እስኪዝል ገመድ እስባለሁ፣ ተሳፋሪው ቁጭ ብሎ ያየኛል። አንዴ ከተነሳ ግን ቀኑን ሙሉ ሰላም ነው።

መጀመሪያ ያሳየሁት ባለሙያ ገና ክዳኑን ሳይከፍት "ካርቡሬተሩ አልቆለታል፣ ይቀየር" አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ሞተሬን ተሸክሜ ወጣሁ። ከዚያ ነው ሰው ወደዚህኛው ልጅ የላከኝ።

ልጁ የሚሠራው ሐይቁ ዳር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ታፔላ የለውም። ውሃ የሞላ በርሜል፣ የካቻቢቴና የቁልፍ ሳጥን፣ ለደንበኛ መቀመጫ አንድ ድንጋይ። በቃ።

የወደድኩለት መጠየቁን ነው። "ጋሼ፣ የሚያስቸግርዎት ሲያድር ነው ወይስ ምሳ በልተው ሲመለሱም?" አለኝ። ሲያድር ነው አልኩት። ከዚያ ቀላል ከሆነው ጀመረ። ማርሹ ፎሌ ላይ ነው? የማጥፊያው ቀይ ገመድ ቦታው ላይ ነው? የነዳጅ ጋኑ ክዳን ላይ ያለችው የአየር ብሎን ተከፍታለች? ብሎኗ ከተዘጋች ነዳጁ መምጣት ያቆማል፣ ሞተሩም ትንሽ ሠርቶ ጸጥ ይላል። በእሷ ሰበብ ስንት ካርቡሬተር በከንቱ እንደተፈታ ፈጣሪ ይወቀው።

ቀጥሎ ከጋኑ ሥር ትንሽ ቤንዚን በሃይላንድ ቀድቶ አስቀመጠ። ውሃ ካለበት ከታች ይዘቅጣል። በጀሪካን ለምንገዛ ሰዎች ይቺ ፍተሻ አትናቅም። የእኔ ንጹህ ነበር።

ገመዱን ደጋግሞ ሳበና ካንዴላዎቹን ፈታ። ደረቅ ናቸው። ጋኑን አርቆ፣ ካንዴላዎቹን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክቶ እንደገና ሲስብ ሰማያዊ እሳት ብልጭ አለ። "እሳቱ አለ። ያልደረሰው ነዳጅ ነው። ካንዴላው ርሶ ቢሆን ሌላ ነገር እናስብ ነበር" አለኝ።

ጥፋቱ የተገኘው ቱቦው መሃል ባለችው፣ በእጅ በምትጨመቀው የጎማ ፓምፕ ላይ ነው። ፈታት፣ ነዳጁን አራግፎ ጠረጋትና በአፉ ነፋባት። ቀስቱ ወደሚያሳየው በኩል አየር አለፈ። ገልብጦ ሲነፋባትም አለፈ። እዚህ ጋ ነው ጉዱ። ወደ ኋላ ማለፍ አልነበረበትም፤ ውስጧ ያሉት መዝጊያዎች ላልተዋል። ሌሊት ነዳጁ ወደ ጋኑ ይመለሳል። ጠዋት ብጨምቃትም ነዳጁ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ አትጠነክርም። አንዴ ከተነሳ ግን የሞተሩ የራሱ ፓምፕ ስለሚስብ ችግሩ አይታይም። ፓምፗ ከገበያ የተገዛች ፎርጅድ ነበረች።

ልጁ መለዋወጫ አይሸጥም፤ "ገዝተው ይምጡ" ነው የሚለው። ሲልክህ ግን ምን ማየት እንዳለብህ ይነግርሃል። ጥሩ ፓምፕ ነዳጅ ሲሞላ ይጠነክራል፣ ጠንክሮም ይቆያል። አዲሷን ገጥሞ፣ ቾኩን ስቦ፣ ሞተሩን በርሜሉ ውስጥ አስነሳው። ያለ ውሃ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አያስነሳም፤ የማቀዝቀዣውን ጎማ ያቃጥላል ይላል። ሞተሩ ሲሠራ ከኋላ የምትወጣውን ቀጭን ውሃ ቆሞ ተመለከተ። ጣና ላይ እንቦጩ የውሃ ማስገቢያውን ስለሚደፍን ይቺን ማየት ልማድ አድርገው አለኝ።

ቤንዚኑ ውስጥ የሚቀላቀለውን ዘይት ስለማብዛት ነገርም አነሳ። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ቶሎ ይጠቁራል። ዘይት ሲጨመርበት ደግሞ ይብስበታል። የእኔ ሞተር መመሪያ 50 ለ 1 ነው የሚለው፤ ለ10 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት። አንዳንዱ ባለጀልባ ግን ለሞተሩ ያዘነለት መስሎት በግምት ያንቆረቁራል።

የእጅ ዋጋውን የሚናገረው ጥፋቱን ካገኘ በኋላ ነው። እኔን የጠየቀኝ ከፓምፗ ዋጋ ያነሰ ነበር። መከራከርም አሳፈረኝ።

ቅሬታ የለኝም አልልም። ደረሰኝ አይሰጥም፤ ለድርጅት የምትሠሩ ከሆነ ይህ ያስቸግራችኋል። ስልኩ አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው። ሥራ ከያዘ ደግሞ ቀና ብሎ አያይህም፣ ሰላምታህን እንኳ በግንባሩ ነው የሚመልሰው። እሑድ አይሠራም። ለየካቲት 16 ምእመናን ወደ ዘጌ የምታሻግሩ ቀደም ብላችሁ ውሰዱለት፤ የኪዳነ ምሕረት ሰሞን ወረፋው አይጣል ነው።