ደብረ ብርሃን ላይ 10 ወር የከረመ በገና

ከጥቅምት እስከ ነሐሴ ሳይቋረጥ የተደረደረ፣ በጎልማሳነቱ ለሚጀምር ሰው የተገዛ ባለ 10 አውታር በገና ነው። ገበቴው፣ ማለትም የድምፅ ሣጥኑ፣ የበሬ ቆዳ ለብሷል፤ አውታሩ የበግ አንጀት ነው። ድምፁ ግሩም፣ መቃኛው ሰነፍ፣ አውታሮቹ የሚታሰሩበት የላይኛው አግዳሚ፣ የቀንበሩ፣ ቅርጻ ቅርጽ ደግሞ ዋጋ ማስወደጃ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት የሚበላው ቅኝት ነው። አዲስ አንጀት ሲወጠር ስለሚለጠጥ ማታ የተቃኘው ጠዋት ወርዶ ይገኛል። በአንድ ጊዜ ማክረር ይበጥሰዋል፤ ጥቂት ዝቅ አድርጎ ማሳደርና በማግስቱ መጨመር ይሻላል። ከመቃኛዎቹ 3ቱ ቀንበሩ ላይ ይንሸራተቱ ነበር፤ ከሥራቸው ሻካራ ቆዳ ሲጠመጠም ያዙ። ደግሞም 10ሩን ሁሉ ለመቃኘት መድከም አያስፈልግም፤ ብዙ ደርዳሪዎች የሚመቱት 5 ወይም 6 አውታር ነው፣ የቀሩት በአብዛኛው የጣት ማረፊያ ናቸው።

ጀማሪን የሚያስለቅሰው እንዚራው ነው። በገናን በገና የሚያሰኘው ያ ንዝረት የሚመጣው አውታሩና ብርኩማው (ገበቴው ላይ አውታሮቹ የሚያርፉበት ድልድይ) መካከል ከምትገባው፣ እንዚራ ከምትባለው ቁራጭ ቆዳ ነው። መጀመሪያ አውታሩ ይቃኛል፤ ከዚያ ቆዳዋ እየተገፋች በየጊዜው አውታሩ ይመታል። ቦታዋን ስታገኝ ድምፁ ይነዝራል፤ ካለፈች ይታፈናል፣ ካልደረሰች እንደ ክራር ጥርት ይላል። ልዩነቱ ከሚሊሜትር አይበልጥም። አውታሩ እንደገና ከተቃኘ እንዚራውም እንደገና ይስተካከላል፤ ቅደም ተከተሉን ያገላበጠ ሥራው እጥፍ ይሆንበታል።

አየሩ ሌላ ጉዳይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ቆዳው ደርቆ ስለሚወጠር ድምፁ ሽቅብ ይወጣል፤ ሌሊት የተበጠሱት 2 አውታሮች የዚያ ወቅት ናቸው። በሐምሌ ጭጋግ ደግሞ ቆዳው ይረግባል፣ ብርኩማው ይሰምጣል፣ ቅኝቱ ይወርዳል። ምድጃ አጠገብ ማድረቅ ገበቴውን ይሰነጥቃል። በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከግድግዳና ከእሳት ራቅ አድርጎ ማቆም ይበቃል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ልብስ አይጠፋም። ጣርማ በርን አልፎ ወደ ቆላው ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ከመነሳቱ በፊት አውታሮቹን ያርግብ፤ ከደረሰም በኋላ አንድ ሌሊት አሳድሮ ይቃኝ።

ናይለን አየር ሲለዋወጥ ብዙም አይናወጥም፣ እንዚራው ላይ ግን ንዝረቱ የሳሳ ነው። የበግ አገር ላይ ሆኖ አንጀት መተው አይመከርም፤ 3 መለዋወጫ በቂ ነው። ሲገዛ ጌጡን ትቶ የብርኩማውን ጠርዝ በጣት መዳሰስ ነው፤ ሸካራ ከሆነ አውታር ይበላል።