ፒጅንሆል ሲቭ፦ ጥቅሱ ጥብቅ፣ የውጭ ፋይሉ ግማሽ መንገድ

ከዳቭኮት የኢሜይል ሰርቨር ጋር የሚሠራው፣ ደንቦቹ በሲቭ ቋንቋ በስክሪፕት የሚጻፉለት የፒጅንሆል ሲቭ ማጣሪያ ኢሜይል ለመደርደር እምነት የሚጣልበት ነው። ስክሪፕቱ ቢበላሽ እንኳ መልእክቱ አይጠፋም፤ ገቢ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ፈተናው ያለው በጥቅስ ምልክቱና ከስክሪፕቱ ውጭ ያለ ፋይል በመጥራቱ ላይ ነው።

ሲቭ የሚያውቀው ቀጥ ያለውን " ብቻ ነው። ከወርድ ሰነድ የተቀዳውን “ ” አይቀበልም፤ የእኛንም « » እንዲሁ። በጥቅሱ ውስጥ ባክስላሽ የሚያገለግለው ለ \" እና ለ \\ ነው። ሌላ ፊደል ፊት ከተቀመጠ ስህተት ሳይባል ዝም ብሎ ይጣላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ሬጌክስ (ጽሑፍን በንድፍ መፈለጊያ) ላይ ነጥብን ራሱን ለመያዝ "\." ብትጽፉ ሬጌክሱ ዘንድ የሚደርሰው ባዶ ነጥብ ነው፤ ባዶ ነጥብ ደግሞ ያገኘውን ፊደል ሁሉ ይይዛል። ትክክለኛው "\\." ነው። በፖስትፊክስ (ሌላ የኢሜይል ሰርቨር) የሬጌክስ ፋይል አንድ ባክስላሽ ስለሚበቃ፣ ከዚያ በሚመጣ ደንብ ሁሉ ባክስላሹ እጥፍ መሆን አለበት።

አማርኛ ርዕስ ያለ ችግር ይነበባል፤ ሲቭ ርዕሱን ፈትቶ በዩቲኤፍ-8 ያወዳድራል። ግን ሥ እና ስ ለእሱ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፤ ስለዚህ ["የሥራ ማስታወቂያ", "የስራ ማስታወቂያ"] ብሎ ሁለቱንም መዘርዘር የግድ ነው።

ኢንክሉድ የተባለው ትእዛዝ ሌላ ስክሪፕት ይጠራል፤ የግል ወይም የጋራ። የተጠራው ፋይል የራሱን ሪኳየር (የሚጠቀምባቸውን ቅጥያዎች የሚዘረዝር መስመር) መያዝ አለበት፣ የጠሪው አያገለግለውም። ፋይሉ ከሌለ ስህተት ነው፤ ኦፕሽናል (ባይኖርም ይለፍ) ካልተባለ በቀር። የጋራውን ስክሪፕት አስተዳዳሪው ሲቭሲ በተባለው ማጠናቀሪያ ትእዛዝ አስቀድሞ ያጠናቅረው፤ ተጠቃሚው እዚያ አቃፊ ላይ መጻፍ ስለማይችል፣ ያለበለዚያ በየመልእክቱ እንደገና ይጠናቀራል።

ነጥብ የምንቀንስበት፦ ኢንክሉድ የሚጠራው ስክሪፕት እንጂ ተራ ዝርዝር አይደለም። በየመስመሩ አንድ አድራሻ የያዘ ፋይል እንዳለ አይሰጠውም። እያንዳንዱ አድራሻ በጥቅስ ታቅፎ፣ በነጠላ ኮማ ተለይቶ በ[ ] ውስጥ መግባት አለበት፤ ከመጨረሻው አድራሻ በኋላ የተረሳች አንዲት ኮማ ስክሪፕቱን ሙሉ በሙሉ ታስቆማለች። አድራሻው ከበዛ ተራውን ፋይል ወደዚህ ቅርጽ የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም ይሻላል፤ በእጅ ማስተካከል አንመክርም።

ከማስነሣታችሁ በፊት አንድ የተቀመጠ ኢሜይል ሲቭ-ቴስት በተባለው መሞከሪያ አሳልፉ፤ መልእክቱን ሳያንቀሳቅስ የትኛው አቃፊ ይገባ እንደነበር ያሳያል።