ጀልባና የመጥለቂያ ሲሊንደር "በሙሉ ዕቃ" ሲሏችሁ ቀብድ አትክፈሉ

ወገን፣ ይህን የምጽፈው ሰሞኑን ጅማ ውስጥ ስለሚዞር አንድ ሽያጭ ነው። የሚነፋ ጀልባ፣ 15 የፈረስ ጉልበት ሞተር፣ ከውሃ በታች የሚተነፈስበት አራት የአየር ሲሊንደር፣ መተንፈሻው፣ መነጽሩ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይሸጣል። ሻጩ "ሙሉ ዕቃ ነው፣ ሌላ ምንም አትገዙም" ይላል። ጅቡቲ ላይ ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት የሚመጡ ቱሪስቶች ሲጠልቁበት የነበረ ነው ይላል። ግልገል ግቤ ግድብ ላይ ቅዳሜና እሁድ ሰው እያዝናናችሁበት ዋጋውን ቶሎ ትመልሳላችሁም ይላል። ስሙን አልጠራም። ዕቃውን ግን አይቼዋለሁ፣ በእጄም ነክቼዋለሁ። አትግዙት።

ዕቃውን እንዳይላቸው የወሰዱኝ የሰፈሬ ልጆች ናቸው። ብር አዋጥተው ቀብድ ሊከፍሉ ነበር። እኔ ሥራዬ ሞተር ጥገና ነው። ጅቡቲ በነበርኩ ጊዜ የጀልባ ሞተር ጋራዥ ውስጥ ሠርቻለሁ፣ መጥለቅም እዚያው ነው የተማርኩት። የልጆቹ ሐሳብ በራሱ መጥፎ አይደለም። ያን የሚያህል ውሃ አጠገባችን ተኝቶ፣ ሥራ ፈላጊ ወጣት ጀልባ ቢያስብ ምን ይገርማል? የሚያናድደው ይህን ፍላጎት አይቶ የሚሸጥላቸው ነገር ነው።

ከሲሊንደሩ ልጀምር፣ ሰው የሚገድለው እሱ ነውና። ማንኛውም የመጥለቂያ ሲሊንደር ትከሻው ላይ ቁጥር ተቀርጾበታል። የተሠራበት ወርና ዓመት አለ። በውሃ ግፊት በተፈተሸ ቁጥር ደግሞ የፍተሻው ወርና ዓመት ይጨመርበታል። በብዙ አገር ይህ ፍተሻ በየ5 ዓመቱ ነው። ውስጡ ዝጎ ወይም ተሰንጥቆ እንደሆነ ደግሞ በየዓመቱ ቫልቩ ተፈቶ ይታያል።

የዚህ ሰውዬ ሲሊንደሮች ገላቸው የተላላጠ አሮጌ ቀለም ነው። ትከሻቸው ላይ ብቻ ወፍራም አዲስ ብርቱካናማ ቀለም ተቀብቷል። በሳንቲም ፋቅ ፋቅ ሳደርገው ከሥሩ ቁጥሩ ወጣ። አንደኛው የተሠራው በ1986 ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሸው በ2009።

ሻጩ ምን ቢል ጥሩ ነው? "2009 እኮ ቅርብ ነው፣ ያኔ ያስመረመርኩት ራሴ ነኝ።" በእኛ አቆጣጠር ቆጥሮልን አረፈ! ሲሊንደር ላይ የሚቀረጸው የፈረንጅ ዓመት ነው። የፈረንጅ 2009 በእኛ 2001 ወይም 2002 ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ በዚህ ብዙ ሰው ሊሸወድ ይችላል። በእኛ አቆጣጠር ይሁን ብንለው እንኳ 5 ዓመቱ ድሮ አልፏል። የ1986ቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ ብዙ የአሉሚኒየም ሲሊንደሮች የሚሠሩት 6351 ከሚባል ቅይጥ ነበር። ይህ ቅይጥ በጊዜ ብዛት አንገቱ ላይ እንደሚሰነጠቅ ስለታወቀ ፋብሪካዎቹ ትተውታል። እንዲህ ያለ ዕቃ ሲሞላ 200 ባር ግፊት ይይዛል። የመኪና ጎማ 2 ባር ከምናምን ነው። ያ ነገር ቢፈነዳ ምን እንደሚያደርግ እናንተው ገምቱ።

"የት ነው የምናስሞላው?" አልኩት። "ጎሚስታ ቤት" አለኝ። "እነሱ ካልቻሉ ከሆስፒታል ኦክስጅን ታስቀዳላችሁ። እንዲያውም እሱ ይሻላል፣ ንጹህ ነው።"

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ቢበዛ 10 ባር አካባቢ ነው የሚሰጠው፣ ሲሊንደሩን ሊሞላው አይችልም። የሚገፋው አየርም ዘይት ያለበት ነው። የመጥለቂያ አየር ለብቻው የተሠራ ኮምፕረሰርና ማጣሪያ ይፈልጋል። ያለዚያ የሞተር ጭስ ወደ ሲሊንደሩ ከገባ ከውሃ በታች ሆኖ የሚተነፍሰው ሰው ሳያውቀው ራሱን ይስታል። ሆስፒታል ያለው ንጹህ ኦክስጅን ደግሞ ከ6 ሜትር በታች በራሱ መርዝ ይሆናል። ሰውየውን ያንቀጠቅጠዋል፣ መተንፈሻው ከአፉ ይወጣል፣ ይሰምጣል። ዘይት በነካ ሲሊንደር ውስጥ ኦክስጅን በግፊት ማስገባትም እሳት መጫር ነው። ጠላቂ ሲሊንደር ውስጥ የሚይዘው እኔና እናንተ አሁን የምንተነፍሰውን ተራ አየር ነው፣ ተጣርቶና ደርቆ።

"ኮርስ አያስፈልግም፣ በ10 ደቂቃ አሳያችኋለሁ" ማለቱስ? ከ10 ሜትር ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ የወጣ ሰው ሳንባው ውስጥ ያለው አየር እጥፍ ልሁን ይላል፣ ሳንባው ይቀደዳል። ይህ ኮርስ ላይ መጀመሪያ የሚነገር ነገር ነው። በዚያ ላይ ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ነው። ከ300 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ መጥለቅ የራሱ ስሌት አለው፣ ስንት ሜትር ላይ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚነግረውን፣ ለባሕር የተሠራውን ሰንጠረዥ እንዳለ መውሰድ አይቻልም። ግቤ ላይ ጠልቆ ወዲያው ወደ አዲስ አበባ የሚነዳ ሰው ደግሞ ይበልጥ ከፍታ እየወጣ ስለሆነ ደሙ ውስጥ አረፋ የመፈጠሩ ዕድል ይጨምራል። ሻጩ ስለዚህ አንዲት ቃል አልተናገረም።

ወደ ሞተሩ ልምጣ። ሻጩ ደረቅ መሬት ላይ አስነስቶ ድርርር አደረገና "ሰማችሁ?" አለ። የጀልባ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከሥሩ በሚስበው ውሃ ነው። ያለ ውሃ ሲነሳ ውሃ የሚስበው የጎማ ክንፍ በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። ስለዚህ ሞተር ስትገዙ በርሜል ውስጥ ውሃ ሙሉና እዚያ አስነሱት፣ ከጎኑ ቀጭን ውሃ ያለማቋረጥ መርጨት አለበት። ይህኛውን በርሜል አምጥተን ስናስነሳው ጠብ ጠብ ብቻ አለ። ባሕር ላይ ኖሮ በንጹህ ውሃ ካልታጠበ ጨው መተላለፊያውን ይደፍነዋል። ከዚያ የታችኛውን የማርሽ ዘይት ብሎን ፈታሁ። የወጣው ዘይት መልኩ ወተት የገባበት ቡና ነው። ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ሻጩ "ዘይቱ የኢጣሊያ ነው፣ መልኩ እንዲያ ነው" አለ።

ደህና ሞተር ቢሆን እንኳ በእኛ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ። 15 የተባለው እዚህ ከ13 አያልፍም። አራት ሰው ከነሲሊንደሩ፣ ጠላቂ ለመስመጥ ከሚታጠቀው የእርሳስ ብረት ጋር ጭኖ ማዕበል ሲነሳ የት ያደርሳል?

ጀልባው ላይ ብዙ አልቆይም። በስፌቱ ላይ የተለጠፈው ነገር በማስቲሽ የተጣበቀ የጎማ ቁራጭ ነው። ሳሙና ስንቀባው አረፋው ተንጨረጨረ። ስንት ሰው፣ ስንት ኪሎ እንደሚይዝ የሚገልጸው ታርጋ ተነቅሏል። "8 ሰው ይይዛል" የሚለው የሻጩ አፍ ብቻ ነው።

ውሃውንም እናውቀዋለን። ግልገል ግቤ አፈር የሚገባበት ድፍርስ ውሃ ነው፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጣታችሁን ማየት ይቸግራል። ጉማሬም አለ። ሰውየው "መጀመሪያ ቦዬ ላይ ተለማመዱ" ብሎ እዚሁ ጅማ ያለውን ረግረግ ሲጠራላቸው ልጆቹ ራሳቸው ተያዩ። ቦዬ ጉማሬ እንዳለ ጅማ ውስጥ የማያውቅ ልጅ አለ እንዴ?

የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ጠየቅነው፣ "ይመጣል" አለ። የሞተሩ ቁጥር የሚለጠፍበት ቦታ ሁለት የብሎን ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ውልና ማስረጃ ሄደን እንዋዋል ስንለው "እኛ በመተማመን ነው የምንሠራው" አለና ፊቱን አዞረ። ደላላው ግን አሁንም ይደውላል። ዋጋውንም ቀንሷል።

ጀልባው ግራጫ ነው፣ ከፊቱ ቀይ መስመር አለው። ሲሊንደሮቹ ትከሻቸው ብርቱካናማ ነው፣ አንደኛው ላይ የእኔ የሳንቲም ጭረት አለበት። መርካቶም ሆነ አጂፕ አካባቢ ይህን ዕቃ ካሳዩዋችሁ እሱ ነው። ሲሊንደሮቹን ለብቻ "ለጋራዥ አየር መያዣ" ብለው ሊሸጧቸውም ይችላሉ፣ ጋራዥ ያላችሁ ወንድሞቼም ተጠንቀቁ። ቀብድ የከፈላችሁ ካላችሁ የባንክ ደረሰኙንና የስልክ መልእክቱን አታጥፉ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ያየሁትን ለመመስከር ፖሊስ ጣቢያ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።