ጮቄ ላይ የትኛዋን ወፍ ልከተል?

ጎህ ሲቀድ ከ4000 ሜትር በላይ በሚደርሰው የጎጃሙ ጮቄ ተራራ ላይ፣ ጓሳ የተባለው የደጋ ሣር በውርጭ ነጥቶ ሳለ፣ ሁለት ትንንሽ ዘማሪ ወፎች ዓይን ይስባሉ።

የመጀመሪያዋ ቢጫዋ ናት። ወንዱ ራሱ ጥቁር፣ ሆዱ ደማቅ ቢጫ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋማ ምድር ውጭ አትገኝም፤ ይህ ብቻ ያኮራል። ነገር ግን በመንጋ ሆና ፍሬ ስትለቅም ሰው ሲቀርባት መንጋው ብድግ ብሎ ይሄዳል።

ሁለተኛዋ ቡናማ ናት፤ በኬንያ ተራራና በኪሊማንጃሮም ትኖራለች። ከሩቅ ላያት ሰው ምንም አትመስልም። ቀረብ ብላችሁ ተመልከቷት! ጅባራ በተባለው ረጅም የደጋ ተክል አናት ላይ ላባዋን ነፍታ እንደ ኳስ ትድቦለቦላለች፤ ክንፏን ታርገበግባለች፤ ድንገት ወደ መሬት ወርዳ በረጃጅም እግሮቿ እየዘለለች ብርድ ያደነዘዘውን ነፍሳት ትለቅማለች። ስትበር የጅራቷ ነጭ ብልጭ ይላል። ሰውን እምብዛም አትፈራም፤ ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው ጥቂት እርምጃ ድረስ ትቀርባለች።

በውበት ቢጫዋን የሚያክል የለም። አንድ ጠዋት ብቻ ላለው መንገደኛ ግን እኔ ያለማመንታት ቡናማዋን እመርጣለሁ። ወፍራም ጋቢ ደርቡ፤ ፀሐይ ጓሳውን ሳታሞቅ ድረሱ።